ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት፦ የዶርም ውሃና አየር የሚበላሽበትን ቦታ ማግኘት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዋና መንገድ ዳር ባለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ 300 ያህል ተማሪ የሚያድርበት ዶርም ፕሮክተር ናቸው። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ቆይቶ ይጠራል። የሆድ ሕመም ተመላልሷል፤ አንድ ናሙና ቤተ ሙከራ ተልኮ ግን «ችግር የለውም» ተብሏል። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን እያመማቸው ይነሣሉ፤ መስኮት ከተከፈተ ደግሞ የመኪና ጭስ ይገባል። የተገኘው በጀት ወይ ለሕንፃው አንድ ትልቅ የውሃ ማጣሪያ፣ ወይ ለክፍሎቹ የአየር ማጣሪያ ይገዛል። የትኛው ይቅደም?

ለጊዜው አንዱንም አይግዙ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከበጀቱ ጥቂቱ ለልኬት ይውጣ። ውሃው ከቆጣሪው ተነሥቶ በምድር ታንከርና በጣሪያ ሮቶ አልፎ ነው መጨረሻው ፎቅ የሚደርሰው። አየሩም ከመንገዱ እስከ አልጋው ድረስ መንገድ አለው። በተከታታይ ነጥቦች ላይ በተቀራራቢ ጊዜ ከለኩ፣ ቁጥሩ የተለወጠበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ነው። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የተወሰደ ልኬት ብዙ አይናገርም፤ እጅዎ ላይ ያለው የቤተ ሙከራ ወረቀት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ናሙናው ከየትኛው ቧንቧ እንደተቀዳ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል? ብዙ ሕንፃ ላይ የጥበቃው ቤትና የምድር ፎቁ ቧንቧ ቀጥታ ከመሥመር ያገኛሉ፤ የላይኞቹ ፎቆች ግን ከጣሪያው ሮቶ ነው የሚቀዱት። ከጥበቃው ቧንቧ የተቀዳ ናሙና ስለ ከተማው ውሃ ይናገር ይሆናል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚጠጣው ግን ምንም አያውቅም። ሌላው ጠርሙሱ ነው። የባክቴሪያ ናሙና መያዣ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት መጨመር አለበት፤ ክሎሪንን ወዲያው የሚያከሽፍ ጨው ነው። ከሌለበት ክሎሪኑ ጠርሙሱ ውስጥም ባክቴሪያ መግደሉን ስለሚቀጥል፣ ውጤቱ ቧንቧው ላይ ካለው ውሃ ይበልጥ የጸዳ ሆኖ ይወጣል። የታሸገ ውሃ ጠርሙስ አጥቦ ናሙና መላክ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቤተ ሙከራው የራሱን ጠርሙስ ይስጣችሁ። ሲቀዱ የቧንቧውን አፍ በአልኮል ወይም በእሳት ያጽዱ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያፍስሱ፤ ጠርሙሱን ሳያጥቡ፣ ክዳኑን ከውስጥ ሳይነኩ፣ አናቱ ላይ ትንሽ አየር ትተው ይሙሉ። ከዚያ በረዶ ባለበት ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ውጤቱ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ካልሆነ ውሃው አይጠጣም።

አሁን ወደ ቀዩ ውሃ። የአዲስ አበባ ውሃ በከፊል ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ፣ በከፊል ደግሞ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል፤ ሲለቀቅ ክሎሪን ይዞ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው መሥመሩ ባዶ ሲሆን ነው። ግፊቱ ሲወድቅ የሚያፈስ መጋጠሚያ ሁሉ ወደ ውጭ መትፋቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከጎኑ የፍሳሽ መሥመር ካለ የሚስበው እሱን ነው። ውሃው ሲመለስ የቧንቧውን ዝገትና በሦስቱ ቀናት የገባውን ሁሉ አጥቦ ያመጣል። ቅላቱ ብረት ነው፤ ልብስ ያበላሻል እንጂ ራሱ ሰው አያሳምምም። ችግሩ ዝገትና ዝቃጭ ክሎሪንን ይበላሉ፤ ስለዚህ ቀዩ ውሃ መከላከያው ያለቀ ውሃ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ጥርጣሬ ያለበት ይህ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚመጣ፣ ታንከሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ቫልቭ ራሱ ከፍቶ ያስገባዋል። ፕሮክተሩ ጠዋት ሲያየው ጠርቷል፤ ቀዩ ታንከሩ ሥር ተኝቷል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከታንከሩ መግቢያ በፊት አንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ)፣ ሁለት መዝጊያና ወደ በርሜል የሚሄድ ቱቦ ይገጠም። ውሃ በሚጠበቅበት ሌሊት የታንከሩ መግቢያ ተዘግቶ፣ የበርሜሉ ክፍት ሆኖ ይደር፤ የሌሊቱ ጥበቃ ውሃው በነጭ ባልዲ ውስጥ የባልዲውን ሥር እስኪያሳይ ጠብቆ ያዙረው። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በደቂቃ 25 ሊትር ያህል ከሰጠ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚወጣው 375 ሊትር ገደማ ነው። አይባክንም፤ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል። ጥበቃው እንቅልፍ ወስዶት ታንከሩ ሳይሞላ የሚነጋበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ የሚሰማበት ቦታ መቀመጥ ያለበት።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ይመልከቱ፦ ፓምፑ የሚስበው ከታንከሩ ነው ወይስ ቀጥታ ከከተማው መሥመር? ቀጥታ የተገጠመ ፓምፕ ውሃ በሳሳ ቀን ቧንቧውን እንደ ስትሮ ይመጥጣል፤ በሰፈሩ ስንጥቅ ሁሉ የቆሸሸ ውሃ የሚጠራው እሱ ነው። እንዲህ ከሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

በአራቱ ነጥቦች፣ ማለትም በቆጣሪው፣ በምድር ታንከሩ፣ በሮቶውና በመጨረሻው ቧንቧ ላይ የሚለካው ነጻ ክሎሪን ነው፤ ገና ያልተበላና ባክቴሪያ መግደል የሚችለው ክሎሪን ማለት ነው። ዲፒዲ ቁጥር 1 የሚባል፣ ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን እንክብልና የቀለም ማነጻጸሪያ ያለው ትንሽ ሳጥን ይበቃል፤ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውም ይሆናል። ሳጥኑ ውስጥ ለፒኤች (ለአሲድነት ልኬት) የሚሆን ሌላ ቀይ እንክብል ስላለ እንዳይቀያየር። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ እንክብል፣ ሮዝ ቀለሙን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማንበብ፤ ቆይቶ ያነበቡት ትክክል አይሆንም። እንክብሉን በጣት አይንኩት። ውሃው ሮዝ ብልጭ ብሎ ወዲያው ከነጣ ዜሮ ነው ብለው እንዳይጽፉ፤ ክሎሪኑ ከመጠን በላይ በዝቶ ቀለሙን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ንጹሕ ውሃ አቅጥነው ይድገሙት። አፍንጫ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ውሃ በመጣበት ቀን ቆጣሪው ላይ፣ ምድር ታንከሩ ውስጥ፣ ሮቶው ውስጥና ከሮቶው በጣም በራቀው ቧንቧ ላይ በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለኩ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከቆጣሪው በቀር ይድገሙ። ቆጣሪው ላይ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ካልደረሰ ችግሩ ከግቢው ውጭ ነው፤ በቀንና በሰዓት ጽፈው ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ያቅርቡ። ቆጣሪው ላይ 0.4 ሆኖ ምድር ታንከሩ ላይ ዜሮ ከሆነ ታንከሩ ቆሽሿል ወይም ተሰንጥቋል። ታንከሮቹ ደህና ሆነው መጨረሻው ቧንቧ ላይ ከጠፋ፣ ያረጀው የብረት ቧንቧ ወይም ማንም የማይከፍተው የመሥመር ጫፍ ነው የሚበላው።

የምድር ታንከር ሲያዩ ከክዳኑ ይጀምሩ። ክዳኑ ከመሬት እኩል ከሆነ በክረምት ጎርፍ ይገባዋል፤ አንገቱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይሠራ፤ ክዳኑም ከላይ ወደ ጎን የሚያቅፍ ይሁን። የትርፍ ውሃ መውጫው በወንፊት ይሸፈን። ሽንት ቤት ጉድጓዱ አጠገብ ከሆነ፣ መግቢያውና ፓምፑ ተዘግቶ ሌሊቱን የውሃው ከፍታ በእንጨት ይለካ፤ ከቀነሰ ያፈሳል፤ የሚያፈስ ታንከር ባዶ ሲሆን ያስገባል። ሮቶው ላይ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ክዳኑ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ርግብ ይቀመጥበታል፤ ማንም ጣሪያ ስለማይወጣ አያውቅም።

ለጽዳት ሥራው በረኪና ይበቃል፤ ሳሙናም ሽታም ያልተቀላቀለበት ይሁን። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈ አንድ ሊትሩ 50 ግራም ክሎሪን ይዟል፤ ፀሐይ ላይ ከርሞ ከሆነ ግን ግማሹን ላይይዝ ይችላልና አዲስ የተመረተ ይግዙ። ታንከሩ ባዶ ይደረግ፤ ዝቃጩ ይውጣ፤ ግድግዳው በብሩሽ ይፈግ። ወደ ምድር ታንከር አንድ ሰው ብቻውን አይግባ። ቀደም ብሎ ክዳኑ ተከፍቶ አየር ይግባ፤ ገቢው ገመድ ይታሰር፤ ሁለት ሰው ውጭ ይቁም። ውስጥ እያለ በረኪና አይረጭ። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ደግሞ ይገድላል።

20,000 ሊትር የምድር ታንከር ሞልቶ በብርቱ ክሎሪን ማደርና መድፋት ውሃ በጠፋበት ግቢ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለእሱ 1 ሊትር በረኪና በ250 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ 200 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ግድግዳውን ከአናት ሆነው በረጅም መርጫ ያርሱት፤ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ይታጠብ። ለሮቶውና ለቧንቧዎቹ ግን መሙላት ያስፈልጋል። 5,000 ሊትር ሮቶ 5 ሊትር በረኪና ይወስዳል፤ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ማለት ነው። በረኪናውን በባልዲ ውሃ አቅጥነው ሮቶው ሩብ ሲሆን ይጨምሩና ይሙሉት፤ የሚገባው ውሃ ያማስለዋል። ከዚያ በየፎቁ እያንዳንዱን ቧንቧ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉ፤ ለ12 ሰዓታት ይደር። «አይጠጣም» የሚል ወረቀት በየቧንቧው ይለጠፍ፤ ይህ የሚረሳ ነገር ነው። ማግስቱን በጥቂት በጥቂቱ ይፍሰስ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ከገባ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ በየሙሌቱ የሚጨመረው ትንሽ ነው፦ ለ5,000 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር፣ ለ20,000 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር፤ አንድ ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ይሰጣል። 30 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። ታንከሩ ውስጥ ቢያንስ 0.5፣ ሩቁ ቧንቧ ላይ ከ0.2 የማያንስ ካገኙ ጥሩ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዜሮ ከሆነ መጠኑን አያባዙ፤ የሚበላው ዝቃጭ ሥር አለና ይጸዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሆነ ሰፊ ቦታ አለ፤ ተማሪው ግን ከ1 በላይ ሲሆን ሽታውን ሸሽቶ ሌላ ውሃ ይፈልጋል።

ውሃው ደፍርሶ ከመጣ ክሎሪን ብቻውን አይሠራም፤ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ አይደርሰውም። አሳድሮ ማስጠለልና ከላይ መቅዳት ይቀድማል። ክፍል ውስጥ ላለው 20 ሊትር ጀሪካን በመርፌ የሚለካ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል፤ ውሃ አጋር (ለቤት ውሃ ማከሚያ የሚሸጥ የክሎሪን ፈሳሽ) ካለ ልኩ ጠርሙሱ ላይ አለ። ማፍላትም ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ያም ሆኖ ይገድላል፤ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ጀሪካኑ ግን እጅ የማያስገባ አንገት ስላለው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ለመጠጥ ባለ ቧንቧና ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ ይሻላል። ኩባያ እየነከሩ መቅዳት እስካለ ድረስ ከላይ የተደከመበት ሁሉ እዚያ ባልዲ ውስጥ ይቀልጣል።

ትልቁን ማጣሪያ አይግዙ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ካርቦን ያለበት ማጣሪያ ክሎሪንን ይይዛል። ከታንከሩ በፊት ከተገጠመ መከላከያ የሌለው ውሃ ታንከር ውስጥ ሦስት ቀን እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ በጊዜው ካልተቀየረም ራሱ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል። ታንከሩ ጸድቶ፣ ክሎሪኑ ተስተካክሎ ጣዕሙ ካስቸገረ፣ መጠጥ በሚቀዳበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ማጣሪያ ይግባ። በጀቱን እኔ ብሆን ማጠራቀሚያ ላይ ነው የማውለው፦ ለ300 ተማሪ በቀን 40 ሊትር ለእያንዳንዱ ብንይዝ በሦስት ቀን 36,000 ሊትር ነው። ታንከራችሁ ከዚያ በጣም ካነሰ ተማሪው ጀሪካን ከየትም ማምጣቱ አይቀርም።

ሕንፃው አሮጌ ከሆነ እርሳስ አንዴ ይመርመር፤ ናሙናው ግን በተቃራኒው ነው የሚወሰደው፦ ሌሊቱን ማንም ሳይከፍተው ከቆየ ቧንቧ፣ ጠዋት የሚወጣው የመጀመሪያው አንድ ሊትር፣ ሳይፈስስ። ገደቡ 10 ማይክሮ ግራም በሊትር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የራሱ ጉድጓድ ያለው ግቢ ቢሆን ኖሮ ናይትሬትንም እጨምር ነበር፤ ገደቡ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው።

የጠዋቱ ራስ ምታት ከመንገዱ ጭስ ይልቅ ከተዘጋው ክፍል የመምጣቱ ዕድል ይሰፋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ሰው የሚያድርበት፣ አራት በስድስት ሜትር የሆነ፣ 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 67 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የተኛ ሰው በሰዓት 15 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ስድስት ሰው 90 ሊትር። ክፍሉ ፈጽሞ ባይተነፍስ በየሰዓቱ ከ1,300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 1,300 እጅ) በላይ ይጨምራል። በር ሥርና መስኮት ጠርዝ ጥቂት ቢያስገባም እስኪነጋ ከ4,000 ያልፋል፤ ውጭ ያለው 420 ገደማ ነው። ድብርት፣ ደረቅ ጉሮሮና ከባድ ጭንቅላት እዚህ ላይ የሚጠበቅ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ከስድስቱ አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ቢኖርበት የሌሎቹ አምስት ዕድል ነው።

መለኪያ ሲገዙ ባለ ኢንፍራሬድ ይሁን፤ ርካሾቹ ላብና ሽቶ እየለኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ይላሉ። ከፍታውን 2,400 ሜትር ብለው ያስተካክሉ፤ እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያልተስተካከለ መለኪያ 4,000 የሆነውን 3,000 ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ውጭ አውጥተው 420 አካባቢ ማሳየቱን ይዩ፤ ከዚያ ከመስኮት ርቆ በአልጋ ከፍታ ሌሊቱን ይደር። ስድስት ሰው ያለበትን ክፍል ከ1,500 በታች ለማዋል በሰዓት ከ80 እስከ 100 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ከመንገዱ ራቅ ያለው፣ ወደ ግቢው ውስጥ የሚያይ መስኮት አንድ ጣት ሁለት ጣት ክፍት ሆኖ ማደር፣ ከበሩ በላይ ያለው ትንሽ መስኮትም መከፈት አለበት። አየር መግቢያም መውጫም ካላገኘ አይንቀሳቀስም።

ከዚህ በፊት ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን ያስወግዱ። ክፍል ውስጥ ከሰል ይያያዛል? ጀነሬተሩ የሚተፋው ወደ የትኛው መስኮት ነው? ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የኦክስጅን መጠን በሚያንስበት ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ባለ ባትሪ ማስጠንቀቂያ ደውል ጀነሬተሩ አጠገብ ባሉት ክፍሎች ይሰቀል። 30 ፒፒኤም ለአንድ ሰዓት የዓለም ጤና ድርጅት የላይኛው ገደብ ነው፤ ደውሉ ግን 50 ፒፒኤም ላይ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው የሚጮኸው፤ ስለዚህ ቁጥር የሚያሳይ ይግዙ። ራስ ምታቱ ከክፍሉ ሲወጡ በግማሽ ሰዓት ከለቀቀና ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ከታመሙ፣ ልኬት ሳይጠብቁ ክፍሉን ያስለቅቁ።

መንገዱ ራሱ የራሱ ጠባይ አለው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ እንደሚወጣው ያለ ዳገት ላይ ናፍጣ መኪና ኦክስጅን ባነሰው አየር ሞተሩን ሲያስጨንቅ ጥቀርሻ ይበዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ሥር ይቀራል፤ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ የሚከፋው ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓትና ማታ ከ12 በኋላ ነው፤ የሚሻለው ከረፋዱ 4 እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት። የክፍሉ ትልቁ መናፈስ ተማሪው ትምህርት በሄደበት በዚህ ሰዓት ይሁን። ኅዳር 12 ቆሻሻ በየሰፈሩ ሲታጠን መስኮቱን ይዝጉ፤ የዚያን ሳምንት ልኬትም ከአማካዩ ለይተው ይያዙት።

በእንጦጦ መንገድ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፒኤም 2.5 (ሳንባ ድረስ የሚገባ በጣም ደቃቅ ብናኝ) መጠን በየሰዓቱ ያወጣ ነበር፤ አማካዩ የዓለም ጤና ድርጅትን የዓመት ገደብ 5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ በብዙ እጥፍ ያልፍ ነበር። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ማድረጉ ቀርቷል። ስለዚህ የራሳችሁ ሁለት ርካሽ የጨረር መለኪያ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ። መጀመሪያ ሁለት ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይጻፉ። የእነዚህ መለኪያዎች ቁጥር በጥሬው ከፍ ይላል፤ በተለይ በክረምት ጭጋጉን ሁሉ ብናኝ ብለው ይቆጥራሉ። የቁጥሩን ትልቅነት ትተው የውስጡን ለውጩ ያካፍሉ። ከአንድ በታች ከሆነ ምንጩ መንገዱ ነው፤ ከአንድ በላይ ከሄደ ከውስጥ የሚነድ ነገር አለ፦ የካፌው ወጥ ቤት፣ ምድጃ፣ ሲጋራ።

የአየር ማጣሪያ ለ67 ሜትር ኩብ ክፍል በሰዓት 330 ሜትር ኩብ የሚያጠራ ካልሆነ ጌጥ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም አይነካም። መብራት የሚጠፋበትንና ማጣሪያው የሚቀየርበትን ወጪ ይደምሩ። እኔ መጀመሪያ የምሰጠው በሽታ ላለባቸው፣ በተለይ አስም ላለባቸው ተማሪዎች መንገድ ዳር ካሉት ክፍሎች ወደ ግቢው ፊት ላሉት መዛወር ነው፤ ምንም አያስከፍልም። ለጀነሬተሩ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከጣሪያ በላይ የሚደርስ ብረት ቱቦ ማስቀጠል፤ ሲቀጠል ክርኑ እንዳይበዛ፣ ዲያሜትሩም ከመጀመሪያው እንዳያንስ፣ አለዚያ ሞተሩ ይታፈናል።

ሲመልሱ እነዚህን ይላኩ፦ በሁለቱ ቀናት የተለኩትን የክሎሪን ቁጥሮች፣ የታንከሩንና የሮቶውን ሊትር፣ ፓምፑ ከየት እንደሚስብ፣ የአንድ ሌሊት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት፣ የክፍሉን ስፋትና የአልጋውን ቁጥር፣ ጀነሬተሩ ከቅርቡ መስኮት ስንት ሜትር እንደሚርቅ።